ፖስተኛውም የተዘጋበት በር

ኤዴልሚራ ባሪየንቶስ ተቀምጣ ምግብ ስትበላ ያየ ሰው በቫልዲቪያ ከተማ አልነበረም። ዳቦዋን ቆማ ትገምጣለች፣ ሻይዋን እየተራመደች ትጨርሳለች፣ ስልክ ስታነጋግር ገመዱ እስከፈቀደላት ድረስ ከግድግዳ ግድግዳ ትንጎራደዳለች። በዩኒቨርሲቲው የባሕር ጥናት ክፍል ጸሐፊ ነበረች። መምህራኑ እርስ በርሳቸው፣ «ኤዴልሚራን የፈለገ ሰው አይሂድ፤ ባለበት ይቁም፣ ታልፋለች» ይባባሉ ነበር።

የተወለደችው ከከተማው በስተደቡብ ባለች ደሴት ላይ፣ አቻኦ በምትባል መንደር ነው። አባቷ ዶን ኤሌውቴሪዮ ጀልባ ጠራቢ ነበር። ሆዱን ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ሐኪሙ ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ይደረግለት አለ። ታናሽ ወንድሟ ኦኖፍሬ ደግሞ ሌላ ሐኪም ይየው፣ አንድ ቀን እንታገስ ብሎ ለመነ። ኤዴልሚራ አልታገሰችም፤ ወረቀቱ ላይ ፈረመች። አባትየው ከማደንዘዣው አልነቃም። በቀብሩ ዕለት ኦኖፍሬ ሰው እየሰማ፣ «አባዬን ሕመሙ አልገደለውም፤ የአንቺ ችኮላ ነው የገደለው» አላት። ከዚያ በኋላ እሱ በመርከብ ወጥ ቤትነት ተቀጥሮ ወደ ደቡቡ ባሕር ሄደ። ለእናቱ ሰላምታ ይልካል፤ ለእህቱ ግን አንዲት ቃል አልላከም።

ዓመታት አለፉና፣ አንድ ክረምት እናታቸው ዶኛ ሮሳልባ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ኤዴልሚራ ከደሴቲቱ አምጥታ ቫልዲቪያ ሆስፒታል አስገባቻት። ሐኪሞቹ ደም የሚያሳልፈው የልቧ በር ተበላሽቷል፣ በቀዶ ሕክምና መጠገን አለበት፣ ብዙ መቆየትም አይቻልም አሉ። አሮጊቷ ግን አንሶላውን እስከ አገጯ ስባ፣ «ኦኖፍሬ ሳይሰማ ማንም ስለት አያስጠጋብኝም» አለች።

«እማዬ፣ ኦኖፍሬ እኮ መሃል ባሕር ላይ ነው።»

«ባሕር ላይ ያለ ሰው ጆሮ የለውም?»

«በምን ልንገረው ታዲያ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። በአባትሽ ጊዜ ሳትጠይቂው ፈረምሽ። በእኔ አይደገምም።»

ኤዴልሚራ ይህን ሰምታ ከሆስፒታሉ ስትወጣ ዝናቡን እንኳ ልብ አላለችውም። የመርከቡን ባለቤቶች ቢሮ በስልክ ስትጨቀጭቅ ውላ በመጨረሻ አንድ አድራሻ አገኘች። መርከቡ በኮምፒዩተር የሚላክ መልእክት በሳተላይት ይቀበላል። ለመርከበኞቹ ሁሉ ያለው ግን አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ ራዲዮ ክፍሉ ተቀብሎ ለየባለቤቱ ያድላል።

በዚያ ዘመን በዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለውን መልእክት የሚቀበለው ማሽን አንድ ነበር። ሁሉም ከየቢሮው ተርሚናል በሚባል ስክሪንና የቁልፍ ሰሌዳ ይገባበታል። ማሽኑን የሚያስተዳድረው ዋልዶ ኦያርሶ የሚባል ወፍራም፣ ዝግተኛ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ቢሮው ከኤዴልሚራ ቢሮ ፊት ለፊት ሲሆን፣ ምሳ ሰዓት ላይ አብረው ወደ ወንዙ ወርደው ከዓሣ ገበያው አጠገብ ሳምቡሳ መሳይ ኢምፓናዳ መብላት የቆየ ልማዳቸው ነበር፤ እሱ ተቀምጦ፣ እሷ ቆማ።

ዋልዶ ለእሷ ብቻ የሚሆን የመልእክት ሳጥን ከፈተላት። እሷም ጻፈች፦ «ኦኖፍሬ፣ እማዬ ልቧን ታማለች። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። አንተ ሳትሰማ እሺ አልልም አለች። እባክህ መልስ ላክ። ኤዴልሚራ።» ደግማ ሳታነበው ላከችው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ መጣ። መጠበቅ ደግሞ ኤዴልሚራ ከቶ ያልተማረችው ነገር ነው።

ሳጥኗን ትከፍታለች፤ ባዶ። ሻይ ታፈላለች፤ ሻዩ ሳይፈላ ተመልሳ ትከፍታለች፤ ባዶ። ደብዳቤ ስትተይብ መሃሉ ላይ ትታው ትነሳለች። አንድ ቀን ዋልዶ በበሩ ብቅ ብሎ አያት።

«ኧረ ቁልፉን አታድክሚው፣ አንቺ ሴት።»

«ቢመጣ በምን አውቃለሁ?»

«ማሽኑ ራሱ ይነግርሻላ። ነይ፣ ላሳይሽ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሳጥንሽ ማለት አንድ ፋይል ነው። እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ሰዓት ይይዛል፦ መጨረሻ የተጻፈበትን እና መጨረሻ የተነበበበትን። ደብዳቤ ሲመጣ ፖስተኛው ፋይሉ ላይ ይጽፋል። ስለዚህ የተጻፈበት ሰዓት ይታደሳል ማለት ነው። አንቺ ስትገቢ ማሽኑ ሁለቱን ያስተያያል። ከተነበበ በኋላ የተጻፈ ነገር ካለ፣ አዲስ ደብዳቤ አለሽ ይልሻል። ከተጻፈ በኋላ ከተነበበ ደግሞ፣ አይታዋለች ብሎ ዝም ይላል።»

«በቃ? ደብዳቤውን ሳያየው?»

«ምን ያደርግለታል? ሰዓቱ ይበቃዋል።» ከዚያ ሌላ ትእዛዝ ጻፈላት። «አሁን ደግሞ ተርሚናልሽ ላይ አንዲት ፈቃድ ከፍቼልሻለሁ። ደብዳቤ ሲደርስ ያቺ ፈቃድ ክፍት ከሆነች ደወል ይደውልልሻል። ግን የሚሰማው እዚህ ከተቀመጥሽ ነው።»

«ከተቀመጥኩ?»

«አዎ፣ እሱ ነው ጣጣው» አለና እየሳቀ ሄደ።

ኤዴልሚራ በሰዓቱም በደወሉም ልቧ አላረፈም። የመርከብ ናሙና ዝርዝር ስታገላብጥ አንድን ቃል ከፋይል ውስጥ የሚፈልግ ትእዛዝ ተምራ ነበር። ያንኑ ይዛ፣ በየደቂቃው ሳጥኗ ውስጥ «ኦኖፍሬ» የሚለውን ስም እየፈለገ፣ ካገኘ በትልቁ የሚጽፍላት ትንሽ ፕሮግራም አዘጋጀች። ዕቃ ቤት ባለው ማንም በማይጠቀምበት ተርሚናል ላይ አስነስታው ወጣች። እንግዲህ ሦስት ዘበኛ አቆመች፦ ስትገባ ማሽኑ የሚሰጣት ማስታወቂያ፣ ደወሉ፣ ስም ፈላጊው። ሦስት ዘበኛ ማንም አልመጣም ሲል በሩን ከፍቶ የሚያይ ማን አለ? ሳጥኗን በእጇ መክፈቱን ተወችው።

ቀናት አለፉ። ጠዋት ስትገባ ማሽኑ ዝም። ከሆስፒታል ስትመለስ ዝም። ዕቃ ቤት ሄዳ ስታይ ስክሪኑ ጨለማ። ወንድሟ አንብቦ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ አልመልስላትም ብሎ ድስቱን ሲያማስል በዓይነ ሕሊናዋ ይታያት ጀመር። «ይህ ሰው እኔን ለመቅጣት እናቱን ይገድላል» አለች በልቧ። ቀጥሎ ደግሞ እንዲህ ማሰቧ አሳፈራት። ከዚያ ተመልሳ ያንኑ አሰበች።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አስቁሟት፣ «ሴኞራ፣ እናትዎ እግራቸው እያበጠ ነው። ሳምንቱን ባናሳልፈው ደስ ይለኛል» አላት። ኤዴልሚራ ወደ አልጋው ስትደርስ እናቷ ዓይኗን ሳትከፍት፣ «ጻፈ?» አለች።

«ጽፏል፣ እማዬ።»

«ምን አለ?»

ኤዴልሚራ አፏን ከፈተች። ታከሚ ብሏል ማለት ነበር የቀራት፤ ሁለት ቃል ብቻ። አሮጊቷ ዓይኗን ገልጣ ተመለከተቻት።

«አንቺ ልጅ ስትዋሺ ትቆሚያለሽ» አለች። «ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲሁ ነሽ። ስትንከራተቺ ትውያለሽ፤ ስትዋሺ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ ትያለሽ። ሂጂ፣ እውነቱ ሲመጣ ነይ።»

እያለቀሰች ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ፋይል ሁለት ሰዓት አለው ያለው የዋልዶ ነገር ትዝ አላትና፣ ሰዓቶቹን እንዴት እንደሚያዩ ከመመሪያው መጽሐፍ ፈልጋ ራሷ አየቻቸው። የሳጥኗ መጨረሻ የተነበበበት ሰዓት አሁን ነው፤ ይህች ደቂቃ። ትንሽ ቆይታ ደግማ አየች። ሰዓቱ ተራምዷል። እሷ ደግሞ ሳጥኑን ከከፈተች ቆይታለች።

ደሟ ፈላ። ለኤዴልሚራ ማንበብ ማለት የሰው ዓይን ሥራ ነበር። የሆነ ሰው ሳጥኗን እያነበበ ነው። በዚያ ማሽን ላይ የሁሉን ሳጥን መክፈት የሚችል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዋልዶ ከሁለት መምህራን ጋር እያወራ ነበር። እሷ ሰላምታም አልሰጠች።

«ደብዳቤዬን የምታነበው አንተ ነህ?»

«ምን?»

«ሳጥኔን ሰው እየከፈተው ነው። በየደቂቃው። ሰዓቱን በዓይኔ አየሁት። አንብበህ ደብቀኸኝ ይሆን? የቤቴ ጉድ ለምሳ ወሬ እንዲሆንህ ነው?»

መምህራኑ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ዋልዶ ቀስ ብሎ መነጽሩን አወለቀ።

«ኤዴልሚራ፣ እኔ የአንቺን ደብዳቤ ማንበብ ብፈልግ ኖሮ ሰዓቱን መመለስ ያቅተኝ ነበር?»

«እንግዲያው ትችላለህ ማለት ነው።»

«እችላለሁ» አለ። «አድርጌው ግን አላውቅም።» መነጽሩን መልሶ አደረገና ወደ ሥራው ዞረ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ኤዴልሚራ ገና በማፍሰሱ ላይ ነበረች። ወደ ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋችና የፋይሉን ፈቃድ ተመለከተች። የፋይሉ ባለቤት እሷ ናት፤ ማንበብም መጻፍም ይፈቀድላታል። ከእሷ ቀጥሎ ግን አንድ ቡድን ተጽፏል፤ እሱም ማንበብና መጻፍ ተፈቅዶለታል። ማን ይሆኑ እነዚህ? የዋልዶ ሰዎች ናቸው አለች። በአንዲት ትእዛዝ የቡድኑን ፈቃድ በሙሉ ነጠቀች። አሁን ሳጥኑ የእሷ ብቻ ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች።

ጥቂት ቆይታ ስታይ ግን የተነበበበት ሰዓት እንደገና ተራምዷል።

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ዋልዶ ምሳ አልጠራትም። ብቻዋን ወደ ወንዙ ወርዳ የገዛችው ኢምፓናዳ ሳትገምጠው በረደ። ገበያው ዳር የባሕር አንበሶች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ይጮኻሉ። ዝናቡ አልቆመም። ወደ መርከቡ ባለቤቶች ቢሮ ደወለች፤ ኦኖፍሬ ባሪየንቶስ ከመርከቡ ወርዷል አሏት። የት ወረደ? ፑንታ አሬናስ፣ ደቡብ ጫፍ ያለው ወደብ። ከዚያስ? አናውቅም። ስልኩን አስቀመጠች። ወርዶም አልጻፈም ማለት ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ዋልዶ በሯ ላይ መጥቶ ቆመ። እግሩን ግን ከደፉ አላሳለፈም።

«የማሽኑን ወረፋ ሳይ ነበር» አለ፣ እሷን ሳይሆን መስኮቱን እያየ። «ላንቺ የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ደጅ ቆመዋል። ፖስተኛው ሊያስገባቸው ይሞክራል፣ አይከፈትለትም፣ ይመለሳል። እንደገና ይሞክራል። ሳጥንሽን ማን ዘጋው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«አንተ እንዳታነብ።»

 ዋልዶ ሳያስበው ገባና ከጎኗ ቆመ። «ያ የነጠቅሽው ቡድን እኔ አይደለሁም፣ ኤዴልሚራ። እሱ ፖስተኛው ነው። ደብዳቤ የሚያስገባው ፕሮግራም በዚያ ቡድን ስም ነው ሳጥንሽ ላይ የሚጽፈው። አንቺ በሩን ለሌባ ብለሽ ስትዘጊ በፖስተኛውም ላይ ዘጋሽበት።»

ወዲያው ፈቃዱን መለሰች። እሱ ደጅ የቆሙት ደብዳቤዎች እንዲገቡ ወረፋውን ቀሰቀሰው። ደወሉ ጮኸ። ሁለቱም ደነገጡ።

«ቆይ፣ ማነው ታዲያ የሚያነበው?» አለች። «ከዘጋሁት በኋላም ይነበብ ነበር።»

ዋልዶ በስሟ ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ሁሉ አወጣ። አንድ መስመር ላይ ጣቱን አቆመ። «ይህ ምንድን ነው? ዕቃ ቤት ተርሚናል ላይ ያለው።»

«እሱ የእኔ ነው። የኦኖፍሬን ስም የሚፈልግልኝ።»

«በየደቂቃው?»

«በየደቂቃው።»

ዋልዶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ስም ፈልግ ስትይው ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል፣ እመቤቴ። ማሽኑ ሰው አነበበው፣ ፕሮግራም አነበበው ብሎ አይለይም። ተነበበ፣ አለቀ። ደብዳቤ ይገባል፣ የተጻፈበት ሰዓት ይታደሳል፤ ደቂቃ ሳይሞላ ያንቺው ዘበኛ ያነበዋል። አንቺ ስትመጪ ማሽኑ ሰዓቶቹን አይቶ፣ አይታዋለች ብሎ ዝም ይላል። ስትነበቢ የነበርሽው በራስሽ ነው።»

«ግን ስሙን ቢያገኝ ይነግረኝ ነበር።»

«ሳጥኑን ክፈቺውና እንየው።»

ከፈተችው። ሦስት ደብዳቤዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ደወሉ የጮኸው እሷ ሆስፒታል ሳለች ይሆናል። ላኪው ሴጉንዶ ቩካሶቪች ይላል፣ የመርከቡ ራዲዮ ሠራተኛ። ውስጡ ግን፦

«ኤዴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እማዬ ትታከም። ካፒቴኑን ለምኜ ፑንታ አሬናስ እወርዳለሁ። የት ሆስፒታል እንዳለች አልነገርሽኝም፤ ጻፊልኝ። ፎፎ።»

ፎፎ የልጅነት ስሙ ነው። ኦኖፍሬ የሚል ቃል በደብዳቤው ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ከፑንታ አሬናስ ወደብ ቢሮ የተላከ ነበር። «ወርጃለሁ። መልስሽ የለም። ዩኒቨርሲቲሽ ደውዬ ከክፍል ክፍል ሲያዞሩኝ ሳንቲሜ አለቀ። እናቴ የት ናት?» ሦስተኛው አጭር ነው። «ዝምታሽ ገብቶኛል። መንገር ከብዶሽ ነው። ለቀብሯ እንኳ ልድረስ፤ አውቶቡስ ይዣለሁ፣ አቻኦ እሄዳለሁ።»

ኤዴልሚራ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። «ሞታለች ብሎ እኮ ነው የሚሄደው፣ ዋልዶ። መንገድ ላይ ነው። እናቴ እዚህ በሕይወት እያለች እሱ እያለቀሰ ነው።»

«አቻኦ ስልክ ያለው ሰው አታውቂም?»

«እስኪደርስ ነገ ይሆናል። ነገ ለእማዬ ሩቅ ነው።» ድንገት ቆመች። «ራዲዮ» አለች።

በደሴቲቱ የዝናቡን ወሬ፣ የልደቱን፣ የቀብሩን፣ የጠፋ በሬውን ሁሉ የሚያደርሰው የራዲዮ መልእክት ሰዓት ነው። ስልክ የሌለው ሰው ሁሉ ያንን ሰዓት ይሰማል፤ ሾፌሮችም አይዘጉትም። ኤዴልሚራ በደሴቲቱ መግቢያ፣ አንኩድ ከተማ ወዳለው ጣቢያ ደወለች። የአንዲት ሴት ድምፅ፣ «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ እየጻፍኩ ነው» አላት።

«ከፑንታ አሬናስ በአውቶቡስ ለሚመጣው ለኦኖፍሬ ባሪየንቶስ፣ የመርከብ ወጥ ቤት። እናትህ በሕይወት አለች። ቫልዲቪያ ሆስፒታል ናት። ድምፅህን ትጠብቃለች። ወደ አቻኦ አትሂድ።» የሆስፒታሉን ስልክ ጨመረችበት።

«ከማን ልበል?»

«ከእህትህ በይ።»

«ስምሽን አልጨምርም?»

ኤዴልሚራ አመነታች። «ከኤዴ።»

ዋልዶ በራሱ መኪና ሆስፒታል አደረሳት።  መንገድ ላይ እሷ ይቅርታ ለማለት አፏን ስትከፍት እሱ፣ «አሁን አይደለም» አላት።

መልእክቱ በዚያ ምሽት መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ተነበበ። አውቶቡሱ በጀልባ የቻካኦን ወሽመጥ ተሻግሮ አንኩድ ሊገባ ሲል ሾፌሩ ራዲዮውን ከፍ አድርጎ፣ «ባሪየንቶስ የሚባል አለ እዚህ?» ብሎ ወደ ኋላ ጮኸ። ኦኖፍሬ በኋላ እንዳወራው፣ ስሙን ሲሰማ የእናቱ መርዶ ነው ብሎ ጆሮውን ይዞ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠች ሹሩባማ ሴት ናት እጁን ከጆሮው ላይ አውርዳ፣ «አለች ነው የሚሉት፣ ስማ እንጂ» ያለችው።

ከአንኩድ መናኸሪያ ደወለ። ነርሷ ዶኛ ሮሳልባን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ስልኩ ገፋቻት። አሮጊቷ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ፎፎ?» አለች። «ምን ያለቃቅስሃል? … አልሞትኩም አልኩህ እኮ። … እሺ። አንተ ምን ትላለህ? … እኔን አትጠይቀኝ፣ አንተን ነው የምጠይቅህ።» ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። «እሺ። በል እንግዲህ ና። ካልደረስክም አልቀየምህም።» ከዚያ ማዳመጫውን ለኤዴልሚራ ዘረጋችላት።

«ኤዴ» አለ የወንድሟ ድምፅ። ከቀብሩ ወዲህ አልሰማችውም ነበር፤ ጎርንኗል።

«አቤት።»

«አንቺ አትፈርሚ። ራሷ ትፈርም።»

«ራሷ ናት የምትፈርመው።»

«ደግ» አለና ሳንቲሙ አለቀ።

ዶኛ ሮሳልባ በማግስቱ ጠዋት ፈርማ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። ኦኖፍሬ የደረሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ጢሙ አድጎ፣ የመርከብ ቦቲውን እንዳደረገ፣ ከመንገድ የገዛውን በጭስ የደረቀ የባሕር ዛጎል ሥጋ በፌስታል ይዞ። እህቱን አላቀፋትም። አጠገቧ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ለምን አልመለስሽልኝም?» አላት።

ነገረችው። ስለ ሁለቱ ሰዓቶች፣ ስለ ስም ፈላጊው፣ ስለ ተዘጋው ሳጥን። ግማሹ አልገባውም፣ ግን አላቋረጣትም።

«ማለት ደብዳቤዬ እዚያው አጠገብሽ ነበር» አለ።

«እዚያው ነበር።»

«እኔ ደግሞ ቀበርኳት፤ ከፑንታ አሬናስ እስከ አንኩድ።» ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ያን ጊዜ በአባዬ ያልኩሽ ነገር …»

«ተወው።»

«አልተውም። አሁንም መታገስ ነበረብሽ ብዬ ነው የማስበው። ግን ገደልሽው ማለት አልነበረብኝም።»

ኤዴልሚራ ይህን ስትሰማ የጠበቀችውን ያህል አልቀለላትም። ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። ኦኖፍሬም ከሌላው ጫፍ መንጎራደድ ጀመረ። መሃል ላይ በተገናኙ ቁጥር አንዳቸው አንድ ነገር ይላሉ፤ ስለ አቻኦው ቤታቸው ጣሪያ፣ ስለ አባታቸው መጥረቢያ፣ ስለ መርከቡ ሾርባ። ነርሷ በመጨረሻ ወጥታ፣ «እባካችሁ አንዳችሁ እንኳ ቁሙ፣ ራሴን አዞራችሁት» አለቻቸው።

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ደክሞ ነበር። ልቧ ይመታል፣ ቀሪውን እናያለን አለ። ዶኛ ሮሳልባ ከቀዶ ሕክምናው ወጥታ ለረጅም ጊዜ ታመመች፤ አንዴ ትኩሳት፣ አንዴ መርሳት። ጸደይ ሲገባ ግን በሁለቱ ልጆቿ መሃል ሆና በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተሻገረች። ኦኖፍሬ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ሄደ። አሁን ይጽፋል። ይጣላሉም፤ ስለ ጣሪያው ማን ይክፈል፣ ስለ እናታቸው ጨው ማን ይቆጣጠር።

ከዋልዶ ጋር የሆነው ግን ቶሎ አልሻረም። ኤዴልሚራ በእነዚያው መምህራን ፊት፣ በዚያው ክፍል ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው። «ሰምቻለሁ» አላት፣ በጨዋ ድምፅ። ግን ምሳ ሰዓት ላይ ሌላ መንገድ ይዞ ይሄድ ነበር። ያ ዝምታ ከመርከቡ ዝምታ ይልቅ እንቅልፍ ነሳት፤ ለዚህኛው የምትከፍተው ሳጥን የለማ። ስም ፈላጊውን ያን ቀን አጥፍታዋለች። ማሽኑ አዲስ ደብዳቤ አለሽ ቢልም ባይልም፣ ጠዋት ጠዋት ሳጥኗን በገዛ እጇ ትከፍታለች።

ከበጋው አጋማሽ ባንዱ ቀን ዋልዶ በሯ ላይ ቆሞ ኮቱን እየለበሰ፣ «ወንዙ ጋ አዲስ ዓሣ ጠባሽ መጥታለች ይላሉ» አለ።

«ማን ይላል?»

«ሰው። ትመጪያለሽ ወይስ ሥራ አለሽ?»

ሥራ ነበራት። ትታው ወጣች። ደረጃውን በሩጫ ስትወርድ እሱ ከኋላዋ በዝግታው ይከተላት ነበር፤ ታች በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ መምጣቱን አየች።